ውርጭ ላለበት አገር የሚስማማ የሕፃን ገላ መታጠቢያ

ደብረ ብርሃን ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቆረቆረች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውሃውም ቆላ ላይ ከሚፈላበት ሙቀት ቀድሞ ይንፈቀፈቃል። ይኸው ከፍታ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲያድር፣ ማለዳ ሣሩን ውርጭ ያለብሰዋል። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ከፍታዋ በመጠኑ ቢያንስም፣ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ጉምና ነፋስ አይለያትም። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች የተወለደ ልጅ ገላው የሚታጠበው እንግዲህ በፈላ ውሃና በቀዝቃዛ ቤት መካከል ነው። የዛሬው ንግግር ጉዳይ ለዚህ አገር ቤት ምን ዓይነት የሕፃን መታጠቢያ እንደሚበጅ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ምርጫውን የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ወይም ዘመድ ለአራስ ጥየቃ ሲመጣ ደማቅ የፕላስቲክ ገንዳ ይዞ ይገባል። ጥያቄው የሚመጣው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ማን ይሞላዋል? ውሃው በምን ይሞቃል? ሲሞላ ማን ያነሣዋል? የታጠበበት ውሃ የት ይደፋል? ሲደርቅስ የት ይቀመጣል? ቤቱን ዞሮ እነዚህን አስቀድሞ የመለሰ ሰው፣ ሱቅ ሲገባ የምርጫው ግማሽ አልቆለታል።

አያቶች «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» እያሉ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። የአራስ ልጅ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ የጤና ባለሙያዎች አደጋ ብለው ይይዙታል። የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስስ ነው፣ ሲበርደውም እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ክፉው ሰዓት ደግሞ ከውሃው የሚወጣበት ነው። ቆዳ ላይ የቀረ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 3 ኪሎ ከሚመዝን ልጅ ገላ ላይ 10 ግራም ውሃ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ ቢተንና ሙቀቱ ሁሉ ከሰውነቱ ቢወሰድ የልጁ ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። የደብረ ብርሃን የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አያርፍም። የታጠበ ልብስን በግማሽ ቀን የሚያደርቀው አየር እርጥብ ልጅን በደቂቃዎች ያቀዘቅዛል።

ስለዚህ የመታጠቢያ ዋና መመዘኛ ልጁን ቶሎ አጥቦ ቶሎ ለማውጣት ማመቸቱ ነው። መልኩና መጫወቻው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜውም መናገር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አራስ ልጅ ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይታጠብ ይመክራል፤ በባህል ምክንያት ያን ያህል መቆየት ካልተቻለ ቢያንስ 6 ሰዓት ይጠበቃል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ሕፃናት 24 ሰዓት ሳይሞላቸው እንደሚታጠቡ አሳይተዋል። ልጁ ለብሶት የሚወለደው ነጭ ቅባት ቆዳውን የሚጠብቅ ነውና ቆሻሻ ነው ተብሎ መፈግፈግ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እትብቱ ደርቆ እስኪወድቅ፣ በሞቀ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አካሉን በየተራ ገልጦ መጥረግ ይበቃል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ለአንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ በቂ ነው፤ መቀመጫው፣ አንገቱና ፊቱ ግን በየቀኑ ይጸዳሉ። ይህ ለገዢው መልካም ዜና ነው። ገንዳው ልጁ በተወለደ ዕለት ቤት መገኘት የለበትም። አባትየው በምጡ ማግስት ወደ ገበያ ከሚሮጥ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቤቱንና ልጁን አይቶ ቢገዛ ይሻላል።

ውሃ ማሞቅ በሰሜን ሸዋ ደጋ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። በገጠሩ ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይነዳል፤ በከተማው ከሰልና የኤሌክትሪክ ምድጃ። ሙቅ ውሃ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር የአገሩም ታሪክ ይመሰክራል፦ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ካዛወሩ በኋላ እቴጌ ጣይቱን ከተራራው ያወረዳቸው የፍል ውሃ ምንጭ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም በዚያ ዙሪያ ነው። ፍል ውሃ የሌለው ቤት ግን እያንዳንዱን ሊትር በማገዶ ይከፍልበታል። ስለዚህ የመታጠቢያው ስፋት የማገዶም ጉዳይ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለሕፃን የሚመቸው ውሃ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በውርጭ ሰሞን የተቀዳው ውሃ 10 ዲግሪ፣ የፈላው ደግሞ 91 ዲግሪ ቢሆን፣ ሁለት እጅ ቀዝቃዛ ከአንድ እጅ ፈላ ጋር ሲደባለቅ ልክ 37 ዲግሪ ይመጣል። ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳፋ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንዲይዝ ወደ 13 ሊትር ይፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ የሚፈላው ከ4 ሊትር ብዙም አይበልጥም፣ አንድ መካከለኛ ድስት ይችለዋል። ወለሉ 70 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ግን ለዚያው ጥልቀት ከ22 ሊትር በላይ ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አይሞላውም፤ መፍላት ያለበትም ከ7 ሊትር ያልፋል። በዚያ ላይ የውሃው ፊት ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፤ እናት ሳሙናውን አጥባ ሳትጨርስ ውሃው ለብ ማለት ይጀምራል። ትልቅ ገንዳ ለደጋ ቤት አይመከርም የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ጠበብ ያለ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ ዕቃ ባነሰ ማገዶ ልጁን እስከ ትከሻው ያሞቀዋል።

ውሃው የሚቀላቀልበት ቅደም ተከተል ሕይወት ያድናል። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይገባል፣ ከዚያ የፈላው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርና በደንብ ይማሰላል፤ መጨረሻ ላይ በክርን ይፈተናል። መዳፍ ሙቅ ድስትና ምጣድ ስለለመደ አይታመንም። ልጁ ከገባ በኋላ የፈላ ውሃ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሴኮንድ ገደማ ይልጣል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያ የሳሳ ነው። ማንቆርቆሪያው ልጁና አጣቢዋ ካሉበት ርቆ፣ ሌላ ትንሽ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

አንኮበር ላይ፣ ከጎረቤላ ከተማ ወጣ ሲሉ፣ ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው። ውሃው ከምንጭ ወይም ከቦኖ በጄሪካን ተቀድቶ በሸክም ይመጣል፤ ተሸካሚዋም ብዙ ጊዜ ሴት ናት፣ አለዚያ አህያ። የድንጋዩ ግድግዳ ነፋስ ይከለክላል፤ ፀሐይ ግን ብዙም አይገባውም፣ ወለሉም ቀዝቃዛ ነው። ለዚህ ቤት በጉልበትና በማገዶ የሚቆጥበው ዕቃ ከሁሉ ይበልጣል፦ መካከለኛ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ፣ ለልጁ ብቻ የተለየ ሳፋ። የብረት ሳፋ ካለ ይሠራል፤ ነገር ግን ብረት ሙቀት ቶሎ ስለሚያወጣ፣ ጠርዙም ገላን ስለሚያስደነግጥ ፕላስቲኩ ይሻላል። ሊጥ የሚቦካበት ወይም ልብስ በኦሞ የሚታጠብበት ዕቃ ለልጁ አይሁን። ከሳፋው ሥር የታጠፈ አሮጌ ባና ቢነጠፍ ቅዝቃዜውን ይከላል፣ መንሸራተትንም ያስቀራል። የመንዝ በግ ጠጉር የሚያሞቀው አገር፣ በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካም የሚገኝበት አገር፣ ለዚህ የሚሆን አሮጌ ሱፍ አያጣም። ልጁ ሲወጣ ቀጥታ የሚገባበት ግን ጥጥ ይሁን፤ የታጠበ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ይመጥጣል፤ ሱፉ ከላይ ይደረባል።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ፣ ጠባሴም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ብዙ ወጣት ባልና ሚስት የሚኖሩት ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። አልጋው፣ ቡና ማፍያው፣ ምድጃው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቧንቧው ግቢው መሐል ነው፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርም አለ። እንዲህ ላለው ቤት ዕቃው ግድግዳ ላይ በምስማር የሚሰቀል መሆን አለበት፤ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ወይም እጀታ ያለው ይመረጣል። ታጣፊ ገንዳዎች ለጠባብ ቤት ይመቻሉ፤ ነገር ግን የሚታጠፈው ለስላሳ ክፍል ውስጥ ሳሙናና እርጥበት ይሸሸጋል፣ እግሮቹም በደንብ ካልተቆለፉ ሊከዱ ይችላሉ። የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ዘርግቶ፣ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ ተጭኖ መፈተሽ ይገባዋል። ባለሱቁ ቢቸኩል እንኳ ገዢው አይቸኩል።

የተሞላ ዕቃ ክብደት ከሁሉ የሚዘነጋው ነገር ነው። 22 ሊትር ውሃ 22 ኪሎ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር እንዳታነሣ ይነገራታል። በምጥ የወለደችም ብትሆን ወገቧ ገና አልጸናም። ውሃውን የሚደፋ ሌላ ሰው ሁልጊዜ ካልተገኘ፣ ሥሩ ላይ ውታፍ ያለው ገንዳ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል። ውታፍ የሌለው ሳፋ ከሆነ ደግሞ በጆግ እየተቀዳ ወደ ባሊ ይገለበጣል፤ ይህን ባልየው ቢሠራው ለአራሷ ትልቅ እረፍት ነው።

ኮንዶሚኒየም ቤት ሌላ ጠባይ አለው። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መጸዳጃውና ሻወሩ ተጎራብተዋል፣ ወለሉ ሸክላ ስለሆነ በእርጥብ እግር ያዳልጣል። ብዙ የሱቅ ገንዳ ርዝመቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ሲገዛ በሩን ያልፋል፣ ሲቀመጥ ግን ሰው መቆሚያ ያጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ወለሉን በሜትር መለካት ነው፤ ሜትር ከሌለ በስንዝር። አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ልጁን ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ወለል ላይ በተቀመጠ ሳፋ ማጠብ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መታጠቢያ ለወገብ ይመቻል፤ ግን ከዚያ የሚወድቅ ልጅ የሚወድቀው ሲሚንቶ ላይ ነው። የውሃ ማሞቂያ ያለው ቤት የማሞቂያውን መጠን ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ ቢያደርገው አደጋውን ይቀንሳል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ደግሞ በሙቅ ውሃ የተሞላ ትልቅ ፔርሙስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ስለ ከሰል ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። አራስ ቤት ሲባል በርና መስኮት መዝጋት፣ ክፍሉን ማሞቅ ልማድ ነው፤ ዓላማውም ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የከሰል ማንደጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ያለፈ ይመስላል፤ ጋዙ የሚወጣው ግን ያኔም ነው። ትንሽ ደረት ያለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ይመረዛል። ውሃው ውጭ ወይም ማዕድ ቤት ይሙቅ፤ ክፍሉን ግን ከሰል አያሙቀው። በዚህ አገር የተሻለ ማሞቂያ አለ፦ ፀሐይ። ውርጭ ባለበት ሰሞን ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ደህና ይሞቃል። የልጁ ገላ በዚያ ሰዓት ይታጠብ፤ ማታ ታጥቦ ይተኛ የሚለው የቆላ ልማድ ለደብረ ብርሃን አይሆንም።

በሱቅ ከሚታዩት ዓይነቶች ውስጥ ጥቂቶቹ ፍርድ ይፈልጋሉ። በአየር የሚነፉት ለጉዞ ይመቻሉ፤ ሲበሱ ግን ይሟሽሻሉ፣ ጎናቸውም ሕፃኑን በደንብ አይደግፍም። ውስጣቸው መረብ የተወጠረባቸው ገንዳዎች እጅ ያሳርፋሉ፤ ሆኖም ልጁን ከውሃው በላይ ስለሚያነሡት ገላው ለአየር ይጋለጣል፣ በደጋ ይህ ጥሩ አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ የተፈለሰፈው ባሊ መሰል መታጠቢያ ልጁን ተቀምጦ እስከ ትከሻው ያስገባዋል፤ ሐሳቡ ለብርድ አገር ጥሩ ነው፣ ግን አንገቱን በደንብ የሚይዝ እጅ ይፈልጋል። ልጁን ቀለበት ውስጥ አስቀምጠው የሚይዙ፣ መምጠጫ ያላቸው መቀመጫዎች ደግሞ ባይገዙ ይሻላል፤ ይገለበጣሉ፣ ከዚያም በላይ ወላጅን ያዘናጋሉ። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሕፃን መታጠቢያ ገንዳዎች የግዴታ ደረጃ ሥራ ላይ አውላለች፤ ደረጃው የመስጠም ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍና መቆለፊያው እንዳይከዳ እንዲፈተን ያዛል። ገበያችን ውስጥ ያለው ዕቃ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይኑረውም አይኑረው፣ ሕፃን 5 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም እንደሚችል ወላጅ ማወቅ አለበት። ሲሰጥም አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም። ስልክ ቢጠራ፣ እንግዳ በር ቢያንኳኳ፣ ወተት ቢገነፍል፣ ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል። ሁሉም ነገር፣ ሳሙናው፣ ጋቢው፣ ልብሱ፣ ዳይፐሩ፣ ልጁ ልብሱን ሳያወልቅ በእጅ ርቀት መዘጋጀት ያለበት ለዚህ ነው።

ምቹ ቤት የሌላቸውም አሉ። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን በመጠለያ አስተናግዳለች፤ በመጠለያ የሚወለዱ ልጆችም አሉ። ለእንደዚህ ያለች እናት ስጦታ መያዝ የሚፈልግ ሰው ከትልቅ ገንዳ ይልቅ አንድ ጥሩ ሳፋ፣ ክዳን ያለው ባሊ፣ ጆግና ንጹሕ ጋቢ ቢሰጣት ከሁሉ ይጠቅማታል። ቀጥታ የሚያገለግል ነገር ነው፤ ልጁ ሲያድግም ዕቃው ሥራ አይፈታም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ሕፃን ሲወለድ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ6 ወሩ ወደ 66፣ በዓመቱ ወደ 75 ይደርሳል። ክቡ ሳፋ ስድስት ወር ያህል ያገለግላል። ልጁ ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲጀምር ወለሉ ሻካራ የሆነ ሰፋ ያለ ገንዳ ቢገዛ ምክንያት አለው፤ በዚያ ዕድሜ ልጁ ሙቀቱን ከአራስነቱ የተሻለ ይይዛል። በዚህ መካከል ስለ ገላው፣ ስለ ሽፍታው፣ ስለ እትብቱ ጥያቄ ያላት እናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባለሙያዎቹን መጠየቅ ትችላለች፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በቀበሌው ይህን የምታስረዳ ሠራተኛ እንድትኖር አድርጓል።

ጎረቤት ከጎረቤት ዕቃ መዋዋስ የአገሩ ወግ ነውና ያገለገለ ገንዳ መቀበል አያሳፍርም። በሳሙና ከታጠበ በኋላ በበረኪና ውሃ ተለቃልቆ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ወደ ብርሃን ዞሮ ስንጥቅ እንደሌለበት ይታያል፤ ውታፉ እንደማያንጠባጥብ ለማየት ደግሞ አንድ ጄሪካን ውሃ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ማቆየት ይበቃል።